የክላውድ አገልግሎት ዋጋና ጥቅም በሒሳብ ባለሙያ ሚዛን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተመደበልኝ ርእስ፣ ድርጅቶች የኮምፒዩተር ሥራቸውን በራሳቸው መሣሪያ በማከናወን ፈንታ በተለምዶ «ክላውድ» በሚባለው የኪራይ አገልግሎት ቢያከናውኑ ምን ይጠቀማሉ፣ ምንስ ይከፍላሉ የሚለው ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲነገረኝ «ይህ የኮምፒዩተር መሐንዲሶች ጉዳይ እንጂ የእኛ የሒሳብና የኦዲት ሠራተኞች ጉዳይ አይደለም» ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ድርጅት ሰርቨር ሲገዛ ትልቁ ጥያቄ፣ መሣሪያው እንዴት ይሠራል የሚለው ስለ ሆነ መልሱ በመሐንዲሱ እጅ ነው። ሰርቨር ሲከራይ ግን ትልቁ ጥያቄ፣ ምን ያህል ተጠቀምን፣ በምን ውል፣ በምን ገንዘብ፣ እስከ መቼስ እንከፍላለን የሚለው ይሆናል። ይህ ደግሞ የእኛ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው፣ በክላውድ የሚጠቀመውን ድርጅት ከሚጎዳው ድርጅት የሚለየው ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ የለኪው ትጋት መሆኑን ነው።

የነገሩ ምንነት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። «ክላውድ» የእንግሊዝኛ ቃል ሆኖ ትርጉሙ ደመና ማለት ነው። መሐንዲሶች የግንኙነት መረብን በሥዕል ሲያሳዩ ውስጡን መዘርዘር የማያስፈልጋቸውን ክፍል በደመና ቅርጽ ይሥሉት ስለ ነበር ስሙ ከዚያ እንደ መጣ ይነገራል። ይሁን እንጂ ስሙ ማንንም ማሳሳት የለበትም። ነገሩ በሰማይ የሚንሳፈፍ ረቂቅ አይደለም፤ በታላላቅ ሕንጻዎች ውስጥ የተደረደሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚበሉ፣ በማቀዝቀዣ የሚጠበቁ፣ የሌላ ሰው ንብረት የሆኑ ብዙ ሺህ ሰርቨሮች ናቸው። ተከራዩ በኢንተርኔት አማካይነት የማስላት ኃይላቸውንና የመረጃ ማስቀመጫ ሥፍራቸውን ይገለገልባቸዋል፤ የተገለገለበትንም ይከፍላል።

ሐሳቡም ቢሆን የዛሬ አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1961 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም 100ኛ ዓመት ሲከበር ባደረገው ንግግር፣ የኮምፒዩተር አገልግሎት አንድ ቀን እንደ ስልክ ሁሉ የሕዝብ መገልገያ ሆኖ ሊደራጅ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ሐሳቡ ዛሬ በምናውቀው መልክ በገበያ ላይ እስኪውል ግን 45 ዓመት ፈጀ። አማዞን የመረጃ ማስቀመጫ ኪራይን በማርች 2006፣ የማስላት ኃይል ኪራይን ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ጀመረ። ማይክሮሶፍትም በ2010 አዙር የተባለውን አገልግሎቱን ለጠቅላላው ደንበኛ ከፈተ። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ለአገልግሎቱ ትርጉም ሲሰጥ አምስት መለያዎችን አስቀመጠ። እነርሱም፣ ደንበኛው የሻጩን ደጅ ሳይጠና የሚፈልገውን ራሱ ማዘዝ መቻሉ፤ አገልግሎቱ በግንኙነት መረብ አማካይነት መገኘቱ፤ ብዙ ደንበኞች አንዱን የመሣሪያ ክምችት በጋራ መጠቀማቸው፤ አቅሙ እንደ ፍላጎት በፍጥነት ከፍና ዝቅ ማለቱ፤ በመጨረሻም ፍጆታው በቆጣሪ መለካቱ ናቸው። ከአምስቱ መካከል የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚነካው አምስተኛው ነው። ቆጣሪ ያለበት ነገር ሁሉ ቆጣሪ አንባቢ ይፈልጋልና።

አገልግሎቱ ወደ አህጉራችንም ደርሷል። ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል ደግሞ በ2024 በደቡብ አፍሪካ የመረጃ ማእከሎቻቸውን ከፍተዋል። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌክላውድ» በሚል ስም ይህንኑ አገልግሎት ያቀርባል፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ኩባንያዎች የመረጃ ማእከል ሠርተው ቦታ ያከራያሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ከሩቅ የምንሰማው ወሬ መሆኑ ቀርቶ በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ስብሰባ ላይ የሚነሣ የዕለት ጥያቄ ሆኗል።

የሚገኘው ጥቅም

የክላውድን ጥቅም አሳንሶ ማየት ተገቢ አይደለም። ከሁሉ በፊት ድርጅቱ ገና ሥራ ሳይጀምር ብዙ ገንዘብ በመሣሪያ ላይ ከማሰር ይድናል። አዲስ ሥራ የሚሞክር ድርጅት ሙከራው ባይሳካለት አገልግሎቱን ያቋርጣል፤ አቧራ የሚለብስ ሰርቨር በመጋዘኑ አይቀርም።

ሁለተኛው ጥቅም ከሥራ ብዛትና ማነስ ጋር አብሮ መስፋትና መጥበብ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ብቻ ተማሪዎችን በብዛት የሚመዘግብ ትምህርት ቤት፣ ለዚያ ሁለት ሳምንት የሚበቃ ሰርቨር ቢገዛ መሣሪያው የቀረውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሠርግ የደገሰ ሰው ድስትና ወንበር ይከራያል እንጂ ለአንድ ቀን ብሎ አይገዛም፤ ነገሩ እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም አነስተኛው ድርጅት በራሱ አቅም ሊያገኘው የማይችለውን ጥበቃ ማግኘቱ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ዩፒኤሱ ሲደክም፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያልቅበት፣ የሰርቨሩ ክፍል ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚደርሰውን መንገላታት ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። በትላልቆቹ ኩባንያዎች ላይም ቢሆን ይደርሳል። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 የራሱ የመረጃ ቋት ተበላሽቶ፣ ለደንበኞቹ በፖስታ የሚልከውን የፊልም ዲስክ ለሦስት ቀን መላክ አልቻለም ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ ኪራይ አገልግሎት ማዛወር ጀመረ፤ ዝውውሩንም በጃንዋሪ 2016 ፈጸመ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ትልቅ አቅም ላለው ኩባንያ እንኳ ዝውውሩ ሰባት ዓመት ገደማ መፍጀቱን ነው።

የሚከፈለው ዋጋ

አሁን ወደ ወጪው ዐምድ እንለፍ። የተገዛ ሰርቨር ሥራ ቢፈታ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ጥቂት ነው፤ የተከራየ ሰርቨር ግን ሠራም አልሠራም እስካልተዘጋ ድረስ ቆጣሪው ይዞራል። ለሙከራ ተብለው የተከፈቱና የተረሱ ሰርቨሮች፣ ባለቤት የሌላቸው የመረጃ ማስቀመጫዎች፣ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ በስሙ የሚከፈሉ ፈቃዶች በየወሩ ደረሰኝ ላይ ይታያሉ። ደረሰኙ ግን በብዙ መስመር የተከፋፈለና በባዕድ ቃላት የተሞላ ስለ ሆነ የፋይናንስ ክፍሉ ድምሩን ብቻ አይቶ ይፈርማል።

ሌላው ወጪ መውጫው ላይ የሚጠብቀው ነው። በአብዛኛዎቹ አከራዮች ዘንድ መረጃ ሲገባ አይከፈልበትም፤ ሲወጣ ግን በመጠኑ ይከፈልበታል። ይህ አሠራር ደንበኛን አስሮ የሚያስቀር ነው በሚል የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የመረጃ ሕግ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ከአንድ አከራይ ወደ ሌላ ለመዛወር የሚጠየቀውንም ክፍያ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ይከለክላል። በ2024 ሦስቱ ታላላቅ አከራዮች ጨርሶ ለሚለቅ ደንበኛ ይህን ክፍያ እንደሚተዉ አስታውቀዋል። ሆኖም ክፍያው ቢቀርም ሌላ ሰንሰለት አለ፤ በአንዱ አከራይ ልዩ መሣሪያዎች ላይ የተሠራ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ ገና መሠራት ሊኖርበት ይችላል።

የሥራው መጠንም ሒሳቡን ይለውጠዋል። ድሮፕቦክስ የተባለው ኩባንያ አብዛኛውን የደንበኞቹን መረጃ ከአማዞን አውጥቶ ወደ ራሱ መሣሪያ ካዛወረ በኋላ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2018 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ገልጿል። እንግዲህ ኔትፍሊክስ ወደ ክላውድ ገብቶ ተጠቀመ፤ ድሮፕቦክስ ከክላውድ ወጥቶ ተጠቀመ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሁለቱም የራሳቸውን ፍጆታ መርምረው ወሰኑ። «ሌሎቹ ገብተዋልና እንግባ» ወይም «ሌሎቹ ወጥተዋልና እንውጣ» ማለት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በእኛ አገር ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። የታላላቆቹ አከራዮች ዋጋ በዶላር የተተመነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር እ.ኤ.አ. 2024 ከማለቁ በፊት ከ120 ብር በላይ ሆነ። አንድም ሰርቨር ሳይጨመር፣ አንድም ሠራተኛ ሳይቀጠር፣ በዶላር የሚከፈለው የክላውድ ወጪ በብር ሲቆጠር በእጥፍ አደገ። ሰርቨርም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ከለውጡ በኋላ ለመግዛት የተነሣ ድርጅትም ያንኑ ምንዛሪ ይጋፈጣል። ልዩነቱ፣ ገዢው ምንዛሪውን አንድ ጊዜ ሲጋፈጠው ተከራዩ በየወሩ የሚጋፈጠው መሆኑ ነው።

የመስመር ጉዳይም አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ ግንኙነቷ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመዶች የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሁለት የባሕር ሥር ገመዶች በመበጠሳቸው በምሥራቅ አፍሪካ የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ የደመወዝ መዝገቡ ውጭ አገር የነበረ ድርጅት ገንዘብ እያለው ሠራተኛውን ለመክፈል ይቸገር ነበር።

በመጨረሻም የሒሳብ አያያዝ ለውጥ አለ። የተገዛ ሰርቨር ቋሚ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፤ የእርጅና ቅናሹም በዓመታት ላይ ይከፋፈላል። የክላውድ ክፍያ ግን በአብዛኛው የአገልግሎት ወጪ ስለ ሆነ በዓመቱ የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ላይ ያርፋል። የዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች የትርጓሜ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰጠው ውሳኔ፣ በአከራዩ ሶፍትዌር ላይ ለማስተካከያና ለማመቻቻ የሚወጣው ገንዘብ፣ ድርጅቱ የሚቆጣጠረው የተለየ ሀብት ካላስገኘ በቀር፣ ወጪ እንጂ ሀብት ሆኖ እንደማይመዘገብ አስረድቷል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት እነዚህን ደረጃዎች የሚከተሉ ድርጅቶች ይህን ሳያውቁ ከገቡ፣ በካፒታል በጀት አስፈቅደው የጀመሩት ሥራ ወደ መደበኛ ወጪ ሲዞርባቸው ይደነግጣሉ።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የገንዘብን የጊዜ ዋጋና የደመወዝ ጭማሪንም ለጊዜው ትተናል።

አንድ መካከለኛ ድርጅት ሰርቨር በ5 ሚሊዮን ብር ይገዛል እንበል። ለዩፒኤስ፣ ለማቀዝቀዣና ለክፍል ዝግጅት 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል። በየዓመቱ ለኤሌክትሪክና ለጄኔሬተር ነዳጅ 300,000፣ ለጥገና 200,000፣ ለባለሙያ ደመወዝ 600,000፣ በድምሩ 1,100,000 ብር ይከፍላል። በአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪው 11,500,000 ብር ይሆናል።

ይኸው ድርጅት በግዢ ፈንታ በወር 2,000 ዶላር የሚከፈልበት ክላውድ ቢከራይ፣ በአምስት ዓመት 120,000 ዶላር ይከፍላል። ክላውድ ባለሙያን ጨርሶ አያስቀርም፤ ስለዚህ ለባለሙያ በዓመት 300,000 ብር፣ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ለሚተካ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ደግሞ 240,000 ብር እንጨምር። ይህ ተጨማሪ ወጪ በአምስት ዓመት 2,700,000 ብር ይመጣል። አንድ ዶላር በ57 ብር ሲሰላ ጠቅላላው 9,540,000 ብር ስለሚሆን ክላውዱ ወደ 2 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ ቅናሽ ያስገኛል። አንድ ዶላር በ120 ብር ሲሰላ ግን ጠቅላላው 17,100,000 ብር ይሆናል፤ ከለውጡ በፊት በ5 ሚሊዮን ብር ሰርቨሩን ገዝቶ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር 5,600,000 ብር ብልጫ ያለው ወጪ ነው። ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑት ዶላሩ 73 ብር ገደማ ሲሆን ነው። ድርጅቱ ሲወስን ይህን ነጥብ አስልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ውሳኔው የቆመው በመሣሪያ ብልጫ ላይ ሳይሆን በምንዛሪ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ባወቀ ነበር።

ምሳሌው ግን በዚህ አያበቃም። ይኸው ድርጅት ደረሰኙን መስመር በመስመር ቢመረምር፣ ለሙከራ የተከፈቱት ሰርቨሮች ሌሊትና በበዓል ቀን ያለ ሥራ እንደሚዞሩ፣ የቆዩ ቅጂዎችም በውድ ማስቀመጫ ላይ እንደ ተከማቹ ሊደርስበት ይችላል። ይህን አስተካክሎ የወር ክፍያውን ወደ 1,200 ዶላር ቢያወርደው፣ በ120 ብር ምንዛሪ እንኳ የአምስት ዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 11,340,000 ብር ይሆናል። ይህም ከግዢው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ አንዱ ክላውድ በአንዱ ድርጅት እጅ 17 ሚሊዮን፣ በሌላው እጅ 11 ሚሊዮን ብር ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደረሰኙን የሚያነብ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

በቁጥር ስላልተጻፈው ወጪ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለእኔ የሚቀል አይደለም። ቢሆንም ለሙያችን ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እናገረዋለሁ።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚረዳቸውን ሕፃናት መዝገብ፣ የትምህርት ማስረጃቸውንና የአሳዳጊዎቻቸውን የስምምነት ሰነድ በክላውድ ያስቀምጥ ነበር። በዶላር ለመክፈል ችግር ስለ ነበረበት ክፍያው የሚፈጸመው ውጭ አገር በሚኖሩ በአንድ ኃላፊ ዘመድ የባንክ ካርድ ነበር፤ ኃላፊው ደረሰኝ እያቀረቡ በብር ይተካላቸው ነበር። አካውንቱ የተከፈተው በአንድ ወጣት ባለሙያ የግል ኢሜይል ነበር። ባለሙያው ሥራውን ለቆ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ የካርዱ የአገልግሎት ዘመን አለቀ። አከራዩ ያልተከፈለውን ሒሳብ እየጠቀሰ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ማስጠንቀቂያው የሄደው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ነበር። አገልግሎቱ ታገደ፤ በውሉ የተወሰነው የመቆያ ጊዜ ሲያልፍም መረጃው ተሰረዘ። አከራዩ ከውሉ ውጭ ያደረገው ነገር የለም።

ድርጅቱ የሕፃናቱን መዝገብ ከወረቀት እየሰበሰበ እንደ ገና ለማቋቋም ስምንት ወር ፈጀበት። ወረቀታቸው ያልተገኘላቸው ልጆች እንደ አዲስ ተመልካች ወረፋ ያዙ። ያን ዓመት የትምህርት ክፍያቸው በወቅቱ ሳይከፈል የቀረባቸው ነበሩ። ይህ ኪሣራ በማንኛውም የሒሳብ መደብ ላይ አልተጻፈም።

ካለፈው ዓመት በፊት የዚያን ድርጅት ሒሳብ የመረመርሁት እኔ ነበርሁ። ለኃላፊው የተተካውን ገንዘብ አይቼዋለሁ። ደረሰኙ ነበረ፤ ፊርማው ነበረ፤ መጠኑም ከወሰንነው የትኩረት ጣሪያ በታች ነበር። አልፌዋለሁ። ያን ጊዜ «ይህ አካውንት በማን ስም ነው? ካርዱ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ሌላ ቅጂ የት አለ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ ጥያቄው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የገንዘቡን ትንሽነት እንጂ ገንዘቡ የተሸከመውን ነገር ክብደት አልመዘንሁም። ዛሬ እዚህ የቆምሁትም በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

በሌላው ወገን የጥንቃቄን ዋጋ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ዩኒሱፐር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያ የጡረታ ገንዘብ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በጉግል ክላውድ በኩል በተፈጠረ የአሠራር ስሕተት የድርጅቱ የግል ክላውድ አገልግሎት ተሰረዘ። አባላቱ ለቀናት ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ሆኖም ድርጅቱ ተጨማሪ ቅጂ በሌላ አከራይ ዘንድ አስቀምጦ ነበር፤ ይህም መረጃውን ለመመለስ ረዳው። ያ ተጨማሪ ቅጂ በየዓመቱ የበጀት ስብሰባ ላይ «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ተብሎ ሊሰረዝ የሚችል ወጪ ነበር። የጎተራ ጥቅም የሚታወቀው በክረምት ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከመወሰን በፊት መለካት። ድርጅቱ ዛሬ ያለውን መሣሪያ ምን ያህሉን እንደሚጠቀምበት፣ ሥራው በየትኛው ወር እንደሚበዛና እንደሚያንስ ቢያንስ ለሦስት ወር ይመዝገብ። ፍጆታውን የማያውቅ ድርጅት ሁለቱንም መንገድ ሊያነጻጽር አይችልም።

2ኛ. ሙሉ ወጪን ከሙሉ ወጪ ጋር ማነጻጸር። በአንድ ወገን ነዳጁን፣ ጥገናውንና ደመወዙን፤ በሌላው ወገን መስመሩን፣ ሥልጠናውን፣ ለውጭ አገልግሎት የሚከፈለውን ግብርና የመውጫውን ወጪ መጨመር ያሻል። ስሌቱም በአንድ የምንዛሪ ተመን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሦስት ይሠራ፤ ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑበትም ነጥብ ለሥራ አመራሩ ይገለጽ።

3ኛ. ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማዛወር። ለሕዝብ የሚታየው ድረ ገጽና ኢሜይል፣ እንዲሁም ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚበዛው ሥራ ለኪራይ ይመቻል። ዘወትር በአንድ መጠን የሚሠራውና መስመር ሲቋረጥ መቆም የሌለበት የደመወዝና የሒሳብ መዝገብ ግን በራስ ቤት ወይም በአገር ውስጥ የመረጃ ማእከል ቢቀመጥ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለ ማስተላለፍ ግዴታዎችን ስለሚደነግግ፣ የሕግ ክፍሉ ሳይጠየቅ የሠራተኛም ሆነ የደንበኛ መረጃ አይውጣ።

4ኛ. አካውንቱ በድርጅቱ ስም፣ ከድርጅቱ ኢሜይል፣ ቢያንስ በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይሁን። ክፍያውም ሕጋዊ በሆነ የባንክ መንገድ ይፈጸም። ኦዲተርም ይህን እንደ ባንክ ሒሳብ ፈራሚዎች ዝርዝር ቆጥሮ በየዓመቱ ያረጋግጥ።

5ኛ. የወሩ ደረሰኝ በየሥራ ክፍሉ ተከፋፍሎ ይቅረብ። «ይህ ሰርቨር የማን ነው? ለምን ሥራ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት መስመር ባለቤቱ እስኪገኝ ይታገድ።

6ኛ. ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከቅጂው መረጃ መልሶ የማቋቋም ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በጽሑፍ ይያዝ። ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

7ኛ. ውሉ ሲፈረም የመውጫው አንቀጽ አስቀድሞ ይነበብ። ክፍያ ቢዘገይ መረጃው ስንት ቀን ይቆያል? ስንለቅ በምን መልክ ይሰጠናል? ስንትስ ያስከፍለናል? ቤት የሚከራይ ሰው የሚገባበትን በር ብቻ አይቶ አይፈርምም።

እነዚህን ሰባት ነጥቦች ልብ ብላችሁ ብትመለከቷቸው፣ አንዳቸውም የኮምፒዩተር ሊቅ መሆንን አይጠይቁም። መቁጠርን፣ ማነጻጸርን፣ መጠየቅንና መመዝገብን ይጠይቃሉ። ሙያችን ከጥንት ጀምሮ የቆመበትም ሥራ ይኸው ነው።

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ክላውድ መልካም ነው ወይስ መጥፎ ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ይዤ አልመጣሁም። ለአንዱ ድርጅት ማዳኛ፣ ለሌላው የማያቋርጥ ዕዳ ሊሆን ይችላል። የሚገዛ ድርጅት ቢሳሳት ስሕተቱ በመጋዘኑ ተቀምጦ ይታየዋል፤ የሚከራይ ድርጅት ቢሳሳት ግን ስሕተቱ በየወሩ ደረሰኝ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ የሚያየው ፈልጎ ያነበበ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ በየመሥሪያ ቤታችን የክላውድ ደረሰኝ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፣ መጠኑ አነስተኛ ነው ብለን ከማለፋችን በፊት ከጀርባው ምን እንደ ተቀመጠ እንጠይቅ። ከአንዱ ትንሽ ደረሰኝ ጀርባ የአንድ ድርጅት ሙሉ መዝገብ፣ ከመዝገቡም ጀርባ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ጉዳይ ሊኖር ይችላልና።